የእግር ሠሪው ዘርፍ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ልጄ ለፈተና ብላ ገዝታ ሳትጽፍበት ቀረች። እኔ ወሰድኩት። ቢሮ ውስጥ የሚሰማኝን ለሰው መናገር ካቆምኩ ቆየሁ፤ የሚወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አለቃ ጆሮ ይገባል። የማንንም ስም አልጽፍበትም። ደብተር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ መሳቢያ ደግሞ ይከፈታል።

ዛሬ ዘርፎቹን ተከፋፈልን። አገሩ ውስጥ ያለ ሥራ ሁሉ፣ ከጥበቃ እስከ ቀዶ ሐኪም፣ ዘርፍና ደረጃ ይሰጠዋል፤ ለዚያ ደረጃ የሚያስፈልገው ሥልጠናም ይጻፍለታል። ቅጥሩም ዕድገቱም ደመወዙም ከዚህ በኋላ በዚያ ነው። አለቃችን ወረቀቶቹን በየፊታችን ጣል ጣል አደረገ። ለእኔ ጤናና የእጅ ሙያ ደረሰኝ። ረዳት አድርጎ አዲሷን መደበልኝ። ከሥልጠና ተቋም የመጣች፣ ዲግሪ ያላት፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ለስላሳ ሰው ያስፈራኛል።

ባሌ እግር ይሠራል። እግሩን ያጣ ሰው የሚያስረውን፣ ከፕላስቲክና ከብረት የሚሠራውን። ሠፈር ውስጥ «እግር ሠሪው» ይሉታል፤ እኔም ስናደድ እንደዚያው እለዋለሁ። አናጢ ነበር። ልጃችን ሳትወለድ አካል ጉዳተኞች ተሃድሶ ማዕከል ተቀጥሮ ገባ፤ እዚያው ከአንድ ሽማግሌ እያየ ለመደው። ወረቀት የለውም።

የእሱ ሥራ አሁን በእኔ እጅ ነው። የቅርብ ዘመድ የሚሠራበት ሥራ የደረሰው ያሳውቅ የሚል መመሪያ አለ። አለቃ ግን ማንንም አልጠየቀም። ሳልጠየቅ ምን ብዬ እጄን አወጣለሁ?

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ምሳ ስወጣ ቦርሳዬን ረስቼ ተመለስኩ። አዲሷ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማለች።

«ስቴፕለር ፈልጌ ነው» አለች።

የራሷ ስቴፕለር አላት። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

(ማታ። ሽቦ ጨርሳ ይሆን? ይሆናል። ግን ለምን የእኔን?)

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ባሌ አምሽቶ መጣ። መኪና አጣሁ አለ። እኔ በዚያው መስመር ነው የመጣሁት፤ መኪና እንደ ልብ ነበር።

ሲገባ ሸተተኝ። ወርክሾፑ የሚሸተው ጄሶና ሙጫ ነው፤ ባሌ ከሩቅ የሚታወቀው በእሱ ነው። የዛሬው የሆስፒታል መድኃኒት ሽታ ነበር። «ማን ታመመ?» ብል «ማንም» ብሎ ጫማውን መፍታት ቀጠለ። የጫማ ማሰሪያ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

የሾርባ መያዣዬም ጠፍታለች። ክዳኗ ሰማያዊ የሆነችው።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

የእግር ሠሪዎችን የሥራ መግለጫ ዛሬ ጻፍኩ። ሄጄ ማየት አላስፈለገኝም፤ ራት ላይ ስሰማው የኖርኩት ነው። በጄሶ ልክ ይወሰዳል፣ ቅርጹ ይወጣል፣ ፕላስቲኩ ሞቆ ይለብስበታል፣ ይሞረዳል፣ ማሰሪያው ይገጠማል። ሰውየው ቆሞ ይራመዳል፤ የቆረቆረው ካለ እንደገና ይሞረዳል።

ክርክሩ ወዴት ይግባ የሚለው ነው። የእጅ ሙያ ካልነው ከእንጨትና ከብረት ሥራ ጋር ይሰለፋል፤ በሥራ ላይ ልምምድ ይበቃል። ጤና ካልነው ዲፕሎማ ግድ ነው፤ የሌለው ወይ ይማራል ወይ ቦታውን ይለቃል። እኔ እንደማየው የእጅ ሙያ ነው። ይህን የምለው ስለ ባሌ አይደለም። በሞረድ የሚሠራ ነገር እንዴት ሆኖ ጤና ይባላል?

መጀመሪያ ላይ «ልክ ከመውሰዱ በፊት የተገልጋዩን ቆዳና የጤና ሁኔታ ይመረምራል» የሚል አስገብቼ ነበር። ኋላ አወጣሁት። መግለጫው ረዝሞ ነበር። እዚህ ቢሮ ረጅም ነገር የሚያነብ የለም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን አትሜው ኖሮ ከማተሚያው ላይ ላነሳ ስሄድ የለም። ጥቂት ቆይታ አዲሷ ይዛው መጣች። «የእርስዎ መሰለኝ» አለች፣ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። አንብባዋለች? ወረቀቱ መሃሉ ላይ ታጥፏል። ያላነበበ ሰው ወረቀት ለምን ያጥፋል?

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

አዲሷ ዛሬ አፏን ፈታች። «ሳናይ የጻፍናቸው አሉ። የእግር ሠሪዎቹን ወርክሾፕ ሄጄ ልየው?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«እርስዎ ያውቁታል። እኔ ግን አላውቀውም።»

ምን ብዬ ልከልክላት? ሂጂ አልኳት። ሌላ ማዕከል ጠቆምኳት፤ «እሱ ይርቃል፣ እዚህ ቅርቡ ይሻላል» አለች። ቅርቡ ባሌ ያለበት ነው። ታውቃለች ማለት ነው። ወይም በእውነት ይርቃል።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ከሱቅ ስመለስ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ያወራሉ። የልጄን ድምፅ በሩ ላይ ሰማሁት፦ «ለእማዬ ግን እስከ መቼ?» ገባሁ። ልጄ ድንች መላጥ ጀመረች። ያቺ ልጅ ሳትለመን ድንች ልጣ አታውቅም።

«እስከ መቼ ምን?» አልኩ።

«የትምህርት ቤት ነገር ነው» አለ እሱ።

«የትምህርት ቤት ምን?»

«እማዬ ደግሞ» አለች ልጄ፣ «ምርመራ ክፍል ነው እንዴ የገባሁት?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ካልሳቅሁ ነገር አለ ይላሉ። ግን ነገር አለ።

ምሳ ላይ እንደ ዋዛ አድርጌ «ከመሥሪያ ቤታችን ሰው መጥቶ ነበር?» አልኩት። «ስንት ሰው ይመጣል» አለኝ። አልዋሸም፣ እውነቱንም አልተናገረም። እንዲህ ያለ መልስ ከማን ተማረ?

ግንቦት 22፣ ዓርብ

በጥድፊያ። አለቃና አዲሷ በር ዘግተው። ረጅም ጊዜ። ስትወጣ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ከዚያ አለቃ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ቆም አለና «ባለቤትሽ ደኅና ነው?» ጠይቆኝ አያውቅም። አንድም ቀን። «ደኅና ነው» አልኩ። «ጥሩ፣ ጥሩ» ብሎ ቆመ፤ የሚቀጥል ነገር ያለ ይመስል ጠበቀኝ። እኔም ጠበቅሁት። ሄደ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

የማያኮራ ነገር አደረግሁ፤ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከምሳ በኋላ ወጣሁ። ከተሃድሶ ማዕከሉ ፊት ለፊት ያለው የጫማ ሱቅ በር ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። ፀሐይ ነበር፤ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ፊቴን ከለልኩ። ባለሱቁ ሁለቴ ወጥቶ «ምን ልስጥዎት?» አለኝ፤ ጫማ እያየሁ ነው አልኩት። ጀርባዬን ለጫማዎቹ ሰጥቼ ነበር።

ባሌ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤት አልታጠፈም። ማዕዘኑ ላይ ወዳለችው ሻይ ቤት ሄደ። በረንዳው ላይ አዲሷ ተቀምጣለች።

ሲያያት ቆም ብሎ ኮቱን አስተካከለ። ለእኔ ኮት ካስተካከለ ስንት ጊዜው ነው? ተቀመጠ። እሱ ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዴ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይስላል፣ ጉልበቱን ይዞ ያሳያታል። አንድ ጊዜ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እሷ መጻፏን አቁማ ጠበቀችው። ክንዱን አልነካችውም። ብትነካው ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ሁለቱም ተነሥተው ወደ ሆስፒታሉ በኩል ሄዱ። እሱ ከቦርሳው ውስጥ አንድ ነገር አወጣና መልሶ ከተተ። ሰማያዊ ክዳን።

አልተከተልኳቸውም። ጫማዬ አልተመቸኝም።

ቤት ስገባ ልጄ «ጥርስሽስ?» አለችኝ። ስለ ጥርሴ ለቢሮ እንጂ ለቤት አልነገርኩም። ማን ነገራት? «ጉንጭሽን ይዘሽ ነው የገባሽው» አለችኝ። ይሆናል። እኔ ራሴ አላስታውስም።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። ነገሩን ሁለት መንገድ አድርጌ አሰብኩት። አንደኛው፣ ሴት ነው። ሁለተኛው፣ ልጅቷ በእሱ በኩል እኔን ልትጥል ነው፤ ዘመዷን ደብቃለች ብላ ወንበሬን ልትወስድ። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ልብሱን ሳጥብ ኪሱን ፈተሽኩ። ምንም የለም። የትኬት ቁራጭ እንኳ የለም። ሰው ኪሱ ውስጥ ምንም ከሌለ ባዶ አድርጎታል ማለት ነው።

ምን ዓይነት ሴት ሆንኩ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

«ባለትዳር ነሽ?» አልኳት አዲሷን፣ ሻይ እየጠጣን።

«አይደለሁም። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ለሰኞ የባለሙያዎች ስብሰባ እግር ሠሪዎቹም ተጠርተዋል። አለቃ ነግረውዎት የለ?»

አልነገረኝም። ወይም ጥርሴን ብዬ የወጣሁ ቀን ነግሮ ይሆናል። «አዎ» አልኳት። «እርስዎ ከእኔ ጋር የሚያወሩት ነገር ካለ…» ብላ ጀመረች። «ምንም የለም» አልኩና ተነሣሁ። ሻዬ ሳያልቅ።

ጠዋት እሱን «ሰኞ ምን አለህ?» ብዬው ነበር። «ሥራ» አለ።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ሁሉን እጽፈዋለሁ። ነገ ስነቃ ሌላ እንዳይመስለኝ።

ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል። የእህቱ ልጅ ሲዳር የለበሰው ኮት ከመስቀያው ላይ የለም። ያኔ ገባኝ።

አዳራሹ ውስጥ ከየማዕከሉ የመጡ እግር ሠሪዎች በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ባሌ ጫፍ ላይ ነበር። ስገባ ቀና ብሎ አየኝና በአንገቱ ሰላም አለኝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። እኔም በአንገቴ መለስኩ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን በልተን አብረን ተኝተን፣ እንደ መንገደኛ በአንገት።

አለቃ የእኔን መግለጫ አነበበ፦ የእጅ ሙያ ዘርፍ፣ በሥራ ላይ ልምምድ የሚበቃው። «በዚህ የማይስማማ አለ?» አለ።

ባሌ ተነሣ። «እኔ አልስማማም። ጤና ነው።»

«ምክንያትዎ?»

«አንዲት ልብስ ሰፊ አለች» አለ። ድምፁ ቤት እንደሚያወራው ነበር፣ ዝቅ ያለ። «ስኳር አለባት። እግሯ ከጉልበት በታች ነው የተቆረጠው። እኔ ነኝ የሠራሁላት። ጌታዬ፣ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ልክክ ነው ያለላት። ይቆረቁርሻል ወይ አልኳት፤ ምንም አልቆረቆረኝም አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሸኘኋት። ስኳር የጎዳው እግር ሲቆረቁረው ላይሰማው እንደሚችል አላወቅሁም። የተማሩት ገና ሲገቡ የሚነገራቸው ነገር ነው አሉኝ። ለካ ቆስሏል፤ ሳይሰማት ሄደችበት። አሁን ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ።»

ከእሱ አጠገብ ያለው፣ ጠና ያለ እግር ሠሪ፣ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «አንተ ላጠፋኸው እኛ ምን በወጣን? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ አንድ ሰው ተመልሶ አልከሰሰኝም።»

«እኔንም አልከሰሰችኝም» አለ ባሌ። «ሆስፒታል ሌላ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ነው ያገኘኋት። ተመልሰው ያልመጡትን ምን እንዳደረግናቸው በምን እናውቃለን?»

ሰውየው ጉልበቱን እያሻሸ ተቀመጠ።

አለቃ መነጽሩን አወለቀ። «እርስዎ ራስዎ ዲፕሎማ አለዎት?»

«የለኝም።»

«የሚሉት ከጸደቀ ቦታው ለእርስዎ እንደማይሆን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ አለቃ ወረቀቱን አገላበጠና «እዚህ መግለጫ ላይ ቆዳ መመርመር፣ ጤና መጠየቅ የሚል ነገር የለም። ማን ነው ያዘጋጀው?» አለ። ማን እንዳዘጋጀው ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ባሌ ወደ መስኮቱ ዞረ።

አዲሷ እጇን አወጣች። አለቀልኝ አልኩ። «የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ነበረ፤ አይቼዋለሁ። ሲታረም ወድቆ ይሆናል። እኔም ስገለብጠው ማየት ነበረብኝ» አለች። ጥፋቱን ለሁለት ከፈለችው። ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች፤ ከእጇ ነው የተቀበልኩት።

ለምን ሸፈነችኝ? ይህን ሁሉ ሰዓት የማስበው እሱን ነው። ሰው ሲሸፍን ነገ የሚጠይቀው አለ። ወይም አዘነችልኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ድምፅ የምንሰጠው የቢሮው ሰዎች ነን፤ ሁሉም ለጤና እጅ አወጡ። እኔም አወጣሁ፣ ከሁሉ በኋላ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ቤት ውስጥ ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጊ። ሌላ ወሬ የለም። ልጄ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ታያለች።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማ ይቦርሻል። የእኔን ጫማ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ብሩሹን አላቆመም። «ብነግርሽ ታስተካክይው ነበር።»

«ምኑን?»

«ሁሉን። ወረቀቱን፣ አለቃሽን፣ ሴትየዋን፣ እኔን። በማግስቱ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይገኝ ነበር።»

ሌላውን አነሣሁ። «ከልጅቷ ጋር ሻይ ቤት አይቼሃለሁ።»

«እኛም አይተንሻል።»

«የት?»

«ጫማ ሱቁ በር ላይ። ቀይ ጃንጥላ፣ በዚያ ፀሐይ። እሷ 'እንጥራቸው' አለች፤ እኔ ተዪ፣ ካሻት ራሷ ትመጣለች አልኳት። እስክትመጪ ቀስ ብዬ ነበር የምጠጣው። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።»

«እሷ ሚስትህ መሆኔን ታውቅ ነበር?»

«ወርክሾፕ የመጣች ቀን ነገርኳት። አለቃሽም ያውቃል፤ እሷ ናት የነገረችው፣ ልትነግረው እንደሆነ ለእኔም አልደበቀችም። አንቺ ራስሽ እስክትናገሪ እንጠብቅ አለ አሉ።»

ሁሉም ያውቅ ነበር። ልጄ፣ አለቃ፣ አዲሷ፣ ምናልባት ባለሱቁም። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ የሚያሳድዱኝ መስሎኝ።

«ሥራህን አጣህ» አልኩት።

«ረዳት እሆናለሁ። የተማረች ልጅ እኛ ማዕከል ትመደባለች፤ እሷ ትመረምራለች፣ እኔ እሞርዳለሁ። ከፈለግሁ ደግሞ እማራለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

ጫማዬን አነሣና አየው። «ይህ ተረከዝ አልቋል» አለ።

ተናድጄበታለሁ። ይህን ስጽፍም ተናድጄ ነው። ለቤቱ ማን ያስባል? ለእኛ ማን ያስባል? ሌላው ሰው ሁሉ የሚደብቀውን እሱ ለምን አደባባይ ያወጣዋል? እንዲህም እያልኩ ግን ልብስ ሰፊዋ ትመጣብኛለች። አይቼያት አላውቅም፤ ፊት የላትም፣ ጣቶቿ ብቻ ናቸው የሚታዩኝ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

አለቃ ቢሮ ገባሁ። ከጤና ዘርፍ እንዲያነሣኝ ጠየቅሁት።

«ምክንያቱ?»

«ከእግር ሠሪዎቹ አንዱ ባለቤቴ ነው።»

«ይህን ስጠብቅ ቆየሁ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የሚቆጣ ሰው ይጨርሳል። «ለአዲሷ ልጅ አስረክቢያት። አንቺ ትራንስፖርት ትወስጃለሽ። ሾፌር ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«በደንብ አስቢ።»

«የአጎቴ ልጅ ታክሲ ይነዳል» አልኩ።

ሳቀ። ከመግለጫው ስላወጣሁት ዓረፍተ ነገር አልጠየቀኝም። እኔም አላነሣሁም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ከእሱ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ሂጂ ያለኝ የለም፤ ሲወጣ ተከተልኩት፣ አሁን ግን ጎን ለጎን።

ልብስ ሰፊዋ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤቷን ሌሊት ልብስ ትጠግናለች። «እርስዎ ነዎት የሾርባዋ ባለቤት?» አለችኝ እሱ ሳያስተዋውቀን።

ወደ እሱ አየሁ። ኮርኒሱን ያያል።

«በየጊዜው ባለቤቴ ልካልሽ ነው እያሉ ያመጡልኛል» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። ጨው ትንሽ ይበዛበታል፤ አይቀየሙኝ።»

የምትሠራው ልጄ ናት። እጇ ጨው ላይ ልጓም የለውም። እኔ ነኝ ብልም ውሸት፣ አይደለሁም ብልም ባሌን ማዋረድ ሆነብኝ። «አሻሽላለሁ» አልኩ።

እግሯን አላነሣንም። ስትሸኘን ግን እጄን ይዛ፣ እሱ በር ሲደርስ ጠብቃ፣ «አሁንም እሳቸው ናቸው የሚሠሩልኝ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ፈልጋው ይሁን ፈርታው መለየት አልቻልኩም። የተማረች ልጅ ትመጣለች፣ እሱ ያግዛታል አልኳት። እጄን ለቀቀች። ተወጥሮ የነበረው ትከሻዋ ወረደ።

ደረጃውን ስንወርድ «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ስለ ጨው ነው» አልኩት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ማታ ሾርባውን እኔ ሠራሁ። ልጄ ቆማ አየችኝ። «በመጨረሻ ደረስሽበት» አለች። «ደረስኩበት» አልኳት። ሌላ አልተባባልንም።

ለአዲሷ መዝገቦቹን አስረከብኳት። ወጥታ ተመልሳ «አንዳንዴ መጥቼ ብጠይቅዎት ቅር ይልዎታል?» አለች። ምን ፈልጋ እንደሆነ እያሰብኩ ነው። አይለኝም አልኳት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ሥልጠና ተቋሙ ምዝገባ ላይ አብሬው ሄድኩ። ልቅር ብዬ ነበር፤ እሱም አልጠየቀኝም። ኮቱን ሲለብስ ግን እጁ እጅጌውን ሳተ፣ ሁለት ጊዜ። ቦርሳዬን አነሣሁ።

ሰልፉ ከልጃችን እኩያዎች የተሞላ ነው። አንዷ ዞር ብላ «አባባ፣ እርስዎ ቀድመው ይለፉ፣ ለልጅ ነው የሚያስመዘግቡት?» አለችው። አባባ መባሉ አናደደው፤ አንገቱ ሲቀላ አየሁት። «ግድ የለም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» አላት።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠው መዝጋቢ ጎረምሳ ነው። ወረቀቶቹን ተቀብሎ «ተማሪው የታለ? ራሱ መቅረብ አለበት» አለ።

«እኔ ነኝ።»

መዝጋቢው ፎቶውን አየ፣ እሱን አየ፣ እኔን አየኝ። ከኋላችን ያሉት ልጆች ወሬያቸውን አቆሙ። እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ፤ ሳቅ አልሰማሁም። ዝም ብለው ይሆናል የሚስቁት።

«አሁን የሚሠሩበት የሥራ ዘርፍ?» አለ መዝጋቢው።

ባሌ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እሷን ጠይቃት» አለው። «የእሷ ሥራ ነው።»

«ጤና» አልኩ።

«ደረጃስ?»

«ረዳት» አልኩ። ቀስ ብዬ።

መዝጋቢው ጆሮውን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ አስጠጋ። ባሌ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«አልሰማሽም» አለኝ። «ጮክ በይ።»

«ረዳት» አልኩ፣ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ።